የተዘለለው ስም

በሀዋሳ ከተማ፣ በምሥራቅ ክፍለ ከተማ፣ ባጃጅ ከአስፋልቱ ታጥፎ በኮብልስቶን ወደ ውስጥ በሚዘልቅበት አንድ ሰፈር አንድ አዛውንት ይኖሩ ነበር። ከአንደበታቸው የወጣ አንድ ቃል በሦስት ተማሪዎች እጅ አለፈ። የመጀመሪያው ቃሉን ከነባለቤቱ ተቀበለ። ሁለተኛው ባለቤቱን ትቶ ቃሉን ብቻ ወሰደ። ሦስተኛዋ ባለቤት የሌለው ቃል ይዛ ብዙ ደከመች። ሰዎቹ ለምሳሌ የቆሙ ናቸውና ስም የላቸውም፤ የገጠማቸው ግን ጥናታዊ ጽሑፍ የሚጽፍ ተማሪ ሁሉ ሊገጥመው የሚችል ነው።

አዛውንቱ ያደጉት ከተማዋ ወደ ምሥራቅ ከመስፋቷ በፊት ነው። ልጅ ሳሉ የአባታቸውን ከብቶች የሚያጠጡት በቼለለቃ ዳርቻ ነበር። ዛሬ በሀዋሳ ሐይቅ ሲባል ሰው ሁሉ ፊቱን ወደ ምዕራብ፣ ወደ አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ያዞራል። ከከተማዋ ምሥራቅ ግን ቼለለቃ የሚባል ሌላ፣ ጥልቀት የሌለው ሐይቅ ነበር። ከምሥራቁ ከፍታ የሚወርዱ ወንዞች እዚያ ይገባሉ፤ ከዚያ የሚወጣው ጥቁር ውሃ ወንዝ ደግሞ ወደ ሀዋሳ ሐይቅ ይፈስሳል። ሀዋሳ ሐይቅ በገጸ ምድር የሚወጣ ወንዝ የለውም፤ ስለዚህ በቼለለቃ ላይ የደረሰው ነገር ዞሮ ዞሮ ወደ ሀዋሳ ሐይቅ መምጣቱ አይቀርም። ከጊዜ በኋላ ቼለለቃን ደለል ሞላው፤ ክፍት ውሃነቱን አጥቶ ረግረግና ግጦሽ ሆነ። ይህን ለውጥ በዓይናቸው ካዩት መካከል አንዱ እኚህ አዛውንት ነበሩ።

የመጀመሪያው ተማሪ ለመመረቂያ ጽሑፉ ስለ ቼለለቃ ሲያጠና ደጃፋቸው ላይ ቆሞ አስፈቀደ። ቡና ተፈልቶለት ተቀመጠና ጠየቃቸው።

“አባባ፣ ውሃው ከብት ከምታጠጡበት ዳርቻ መሸሽ የጀመረው መቼ ነው?”

“አብዮቱ ከመፈንዳቱ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ነው” አሉት። “ያኔ ጎረምሳ ነበርኩ። ከብቱን ራቅ አድርገን መንዳት የጀመርነው በዚያ ዓመት ነው።”

አብዮቱ በ1966 ዓ.ም. ነውና ተማሪው 1964 ብሎ መዘገበ። ጽሑፉን ሲያዘጋጅም ከገጹ ግርጌ የአዛውንቱን ሙሉ ስም በፈቃዳቸው ጻፈ፤ የሚኖሩበትን ክፍለ ከተማና ሰፈር፣ ያነጋገራቸውንም ቀን አሰፈረ። በመጨረሻም ሁለት ነገር አከለ፦ ዓመቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው፤ አዛውንቱ ዘመኑን የቆጠሩት ከአብዮቱ ወደ ኋላ ነው። የግርጌ ማስታወሻው አራት መስመር ፈጀ። ጽሑፉ ተጠርዞ ቤተ መጻሕፍት ገባ፤ ተማሪውም ተመርቆ ሥራ ያዘ።

ሁለተኛው ተማሪ ከጥቂት ዓመታት በኋላ መጣ። ክፉ ሰው አልነበረም። የማስረከቢያው ቀን ሲቃረብበት፣ ጽሑፍ ከሚያስተይብበት ፎቶ ኮፒ ቤት የቀደሙ ተማሪዎችን ሥራዎች በፍላሽ ገልብጦ ወሰደ። ስለ ቼለለቃ የሚያወራውን ክፍል ሲያነብ ወደደው። የጽሑፍ መመሳሰልን የሚለካው ሶፍትዌር እንዳይዘው እዚህም እዚያም አንዱን ቃል በሌላ እየተካ ወደ ራሱ ጽሑፍ አስገባው። የግርጌ ማስታወሻው ጋ ሲደርስ እጁ ቆመ። የአዛውንቱን ስም ቢያስገባ “አንተ መቼ አነጋገርካቸው?” ይባላል። የመጀመሪያውን ተማሪ ስም ቢያስገባ ደግሞ የራሱ ድካም ያነሰ መስሎ ታየው። ስለዚህ ማስታወሻውን ዘለለው።

ከስሙ ጋር ግን ሌላም ነገር አብሮ ወደቀ። ጽሑፉ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነበር። “በኢትዮጵያ አቆጣጠር” የሚለው ሲቀር፣ በእንግሊዝኛ ጽሑፍ መካከል ብቻውን የቆመ 1964 በማንኛውም አንባቢ ዓይን የአውሮፓውያን ዓመት ነው። በአቆጣጠራችን 1964 በእነሱ ከመስከረም 1971 እስከ መስከረም 1972 ያለው ጊዜ ነው። ልጁ የዘለለው አንድ ስም መስሎት ነበር፤ ሰባት ስምንት ዓመት አብሮ ዘለለ።

ሦስተኛዋ ተማሪ ሐቀኛና ትጉህ ነበረች። ቤተሰቦቿ የሚኖሩት በምሥራቅ ክፍለ ከተማ ነው። የሁለተኛውን ተማሪ ጽሑፍ አገኘች፤ አንብባም ስሙን፣ ዓመቱንና ገጹን በአግባቡ ጠቀሰች። ነገር ግን ውሃው መሸሽ ጀመረ የተባለበት ዓመት ከሰበሰበቻቸው ሌሎች ማስረጃዎች ሁሉ ስምንት ዓመት ያህል ቀድሞ ቆመባት። ስህተት መሆኑን አልጠረጠረችም። ለዚያ ስምንት ዓመት ምክንያት ፍለጋ ወጣች፤ የዝናብ መዝገብ አገላበጠች፣ የመሬት አጠቃቀም ጥናት አነበበች፣ በመጨረሻም ያልነበረን ነገር የሚያስረዳ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ጻፈች። ምዕራፉ ያማረ ነበር። አማካሪዋ አነበቡትና ጠሯት።

“ይህን ዓመት ከየት አገኘሽው?”

“ከዚህ ጥናት ነው፣ መምህር። ጠቅሼዋለሁ።”

“መጥቀስሽ መልካም ነው። እሱስ ከየት አገኘው?”

የልጁን ጽሑፍ ገልጣ ፈለገች። ግርጌው ባዶ ነው። በዋቢ ዝርዝሩም ውስጥ ፍንጭ የለም።

“ፍርድ ቤት ምስክር ሲጠራ ‘ሰምቻለሁ’ የሚል ሰው ነገሩን አይቋጨውም፤ ያየው ሰው ይፈለጋል” አሏት። “አንቺ የጠቀስሽው የሰማውን ነው። ያየው የት አለ?”

ልጅቷ አንገቷን ደፋች። መምህሩ ግን ሊያሳፍሯት አልፈለጉምና አስቀምጠው የሊቃውንቱን ነገር ያጫውቷት ጀመር።

“መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ የግዕዝ መዝገበ ቃላት ጀምረው ነበር። ሳይፈጽሙት ለደቀ መዝሙራቸው ለአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ አደራ ሰጡ። አለቃ ኪዳነ ወልድ ብዙ ዘመን ደከሙበት፤ እሳቸውም ሳያሳትሙት በ1936 ዓ.ም. ዐረፉ። አደራው ወደ አለቃ ደስታ ተክለ ወልድ ተላለፈ። አለቃ ደስታ የቀረውን አሟልተው፣ አሰናድተው ‘መጽሐፈ ሰዋስው ወግስ ወመዝገበ ቃላት ሐዲስ’ የተባለውን ያን ታላቅ መጽሐፍ በ1948 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ለኅትመት አበቁት። ልብ በይ፤ አለቃ ኪዳነ ወልድ ከሞቱ ዐሥራ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። አለቃ ደስታ የራሳቸው አድርገው ቢያወጡት ማን ከመቃብር ተነሥቶ ይከራከራቸው ነበር? በመምህራቸው ስም አወጡት። የራሳቸውን የአማርኛ መዝገበ ቃላት በራሳቸው ስም ያሳተሙት በ1962 ዓ.ም. ነው። ዛሬ ሦስቱንም የምናውቃቸው አንዱ የሌላውን ስም ስላልደበቀ ነው።”

ቀጥለውም ስለ አንድ ባዕድ ሰው ነገሯት። ጀርመናዊው ሂዮብ ሉዶልፍ በላቲን የጻፈውን የኢትዮጵያ ታሪክ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1681 አሳተመ፤ ኢትዮጵያን ግን በእግሩ ረግጦ አያውቅም። ስለ አገሪቱ የነገሩት ከቤተ አምሐራ፣ ከመካነ ሥላሴ የሄዱት አባ ጎርጎርዮስ ናቸው። በመጀመሪያ ሮም ላይ ተገናኙ፤ ኋላም በ1652 አባ ጎርጎርዮስ ጎታ ወደምትባለው የጀርመን ከተማ ሄደው የሚያውቁትን አካፈሉት። ሉዶልፍ በዘመኑ በአውሮፓ የተከበረ ሊቅ ነበር፤ ቢሆንም ከማን እንደሰማ በስም ጻፈ።

“ስለዚህ” አሉ መምህሩ፣ “የአንድ ሰው ቃል መጽሐፍ ስላልሆነ አይጠቀስም የሚል ካለ አትስሚው። ሂጂና የዚህን ዓመት ባለቤት ፈልጊ። እስክታገኚው ድረስ ምዕራፉን አታስረክቢ።”

ልጅቷ በሰው በሰው የሁለተኛውን ተማሪ ስልክ አግኝታ ደወለች። በአንድ መሥሪያ ቤት ተቀጥሮ ይሠራል። ጥያቄዋን ሲሰማ ድምፁ ቀዘቀዘ። “እኔ እንጃ፤ ከፍላሽ ላይ ነው ያገኘሁት። ሁሉም እንደዚያ ነው የሚሠራው” አላት። ወደ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ሄደች። ባለቤቱ የድሮ ፋይሎቹን እየከፈተ አሳያት፤ ከብዙ ፍለጋ በኋላ ስለ ቼለለቃ የሚናገር አንድ ጽሑፍ ተገኘ። ርእሱን ይዛ ቤተ መጻሕፍት ገባች፤ ከመደርደሪያ ላይ የተጠረዘውን ሥራ አወረደች፤ ገጹንም አገኘችው። ከግርጌው አራት መስመር ማስታወሻ አለ። በመጀመሪያ የአቆጣጠሩን ነገር አነበበች፤ የምዕራፏ መሠረት በአንድ ጊዜ ሲናድ ታያት። ከዚያ የአዛውንቱን ስም አነበበች። ከዚያ የሰፈሩን ስም አነበበች።

የራሷ ሰፈር ነበር። ስማቸው የተጻፈው አዛውንት ከእናቷ ቤት ሦስት ግቢ አልፈው የሚኖሩት ነበሩ።

በማግሥቱ ሄደች። አዛውንቱ ከበረንዳው ተቀምጠው ነበር።

“የማን ልጅ ነሽ?” አሏት። ነገረቻቸው።

“እ! አያትሽን አውቃቸው ነበር። ግቢ፣ ልጄ።”

ቡናው እስኪፈላ ከየት ተነሥታ በምን በኩል እንደመጣች አንድ ባንድ አጫወተቻቸው። አዛውንቱ እስክትጨርስ ሰምተው ዓመቱን እንደ ድሮው ነገሯት፤ አብዮቱ ከመፈንዳቱ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ። በዚህም አልቆሙም። “ያ ልጅ ያልጠየቀኝን ልንገርሽ” ብለው ከቼለለቃ ቀድሞ የደረቀው የትኛው ወገን እንደሆነ፣ ከከፍታው ዛፍ ሲጠፋ ጎርፉ ምን ዓይነት አፈር ይዞ ይወርድ እንደነበር፣ ሰዉም ውሃው ለቆ በሄደው መሬት ላይ ግጦሹን እንዴት እንደተካፈለ አጫወቷት። ይህ ሁሉ በማንም ጽሑፍ ውስጥ አልነበረም።

ልትነሣ ስትል ስለ ተዘለለው ስማቸው ይቅርታ ጠየቀች፤ ጥፋቱ የእሷ ባይሆንም።

“ቃሌን ወስደው ስሜን ቢተዉት ለእኔ ምን ይጎድልብኛል?” አሉ አዛውንቱ። “እኔ እዚሁ ነኝ፤ ቡናዬንም እጠጣለሁ። የጎደለው ላንቺ ነው። የምትፈልጊውን ይዤ ተቀምጬ፣ በየቀኑ በደጄ እያለፍሽ ሄድሽ።”

ልጅቷ የቀደመውን ምዕራፍ ጥላ አዲስ ጀመረች። አሁን ሁሉም ቦታ ቦታውን ያዘ። ከኅዋ ምድርን እንድትቃኝ የተላከችው የመጀመሪያዋ ላንድሳት ሳተላይት የተወነጨፈችው በአውሮፓውያን ሐምሌ 23 ቀን 1972፣ በእኛ ሐምሌ 16 ቀን 1964 ዓ.ም. ነው። ልጅቷ ተሳስታ ባነበበችው ዘመን ከአዛውንቱ ቃል ጎን የሚቆም የላንድሳት ምስል ሊኖር አይችልም ነበር፤ በትክክለኛው አቆጣጠር ግን እሳቸው በዓይናቸው ያዩት ለውጥና ሳተላይቷ ምድርን ማንሣት የጀመረችበት ጊዜ ተገናኙ። የአንድ እረኛ ትዝታና የሳተላይት ምስል እርስ በርሳቸው የሚመሳከሩ ማስረጃዎች ሆኑ።

መምህሩም ዳግመኛ እንዳትቸገር የምንጭ አያያዝ ሥርዓት አስያዟት። አንድ ነገር ስታነብ ከሐሳቡ በፊት ባለቤቱን ጻፊ አሏት፤ ማን ጻፈው፣ መቼ፣ ርእሱ ምን ይባላል፣ የት ታተመ፣ በስንተኛው ገጽ ላይ ነው። ቃል በቃል የወሰድሽውን ያኔውኑ በትእምርተ ጥቅስ ክበቢው፤ በራስሽ ቃል ያሳጠርሽውን ከዚያ ለይተሽ ጻፊ፤ ከወር በኋላ ማስታወሻሽን ስትከፍቺ የትኛው የአንቺ፣ የትኛው የሌላ ሰው እንደሆነ ሊጠፋሽ ይችላልና። ቃሉን ቀይረሽ ብታቀርቢውም ሐሳቡ የሰው ነው፤ ስሙ ይጠቀሳል። አንዱን ደራሲ ያገኘሽው በሌላ ሰው ጽሑፍ ውስጥ ከሆነ ራስሽ እንዳነበብሽው አታስመስዪ፤ በእገሌ ጽሑፍ እንደተጠቀሰው በዪ፤ ከተቻለሽ ደግሞ ዋናውን ፈልገሽ አንብቢ።

ስለ አቆጣጠር አጥብቀው ነገሯት። በአዲስ አበባ የታተመ የአማርኛ መጽሐፍ ሽፋኑ ላይ 1948 ዓ.ም. ካለ፣ በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ውስጥ ስትጠቅሽው በማን አቆጣጠር እንደሆነ ሳትገልጪ አትለፊ። ቃለ መጠይቅ ስታደርጊ የሰውዬውን ስም፣ ቦታውንና ቀኑን ያዢ፤ ስሙ እንዲጻፍ ይፈቅድ እንደሆነ ጠይቂ፤ ካልፈቀደ ስሙን ጠብቂ፤ ነገር ግን ከምን ዓይነት ሰው፣ የት፣ መቼ እንደሰማሽ ግለጪ። ኤፒኤ በሚባለው የአጠቃቀስ ሥርዓት እንደ ስልክ ንግግርና ደብዳቤ ያለ፣ አንባቢ ሊያገኘው የማይችል ምንጭ በጽሑፉ መሐል ይጠቀሳል እንጂ በዋቢ ዝርዝር ውስጥ አይገባም። የትኛውንም ሥርዓት ተከተዪ፤ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ግን አንዱን ብቻ።

በኮምፒውተሯም ላይ ዞቴሮ የሚባለውን ነፃ ሶፍትዌር ጫኑላት። በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2006 ጀምሮ በመላው ዓለም ያሉ ተማሪዎች ምንጮቻቸውን የሚያከማቹበት፣ የዋቢ ዝርዝራቸውንም የሚያወጡበት መሣሪያ ነው። ሥራ ያቃልላል፤ የእኛን ስም ግን አያውቅም። የፈረንጅ ስም የቤተሰብ ስም አለውና የመጨረሻውን ወደ ፊት ያመጣል። አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌን በዚያ ልማድ ካስገባሻቸው “ክፍሌ፣ ኪ.” ሆነው ይወጣሉ፤ ሥራውን የሠሩት ሰው የራሳቸው ስም ተሸሽጎ ሁለተኛው ስም ይመሰገናል። የኢትዮጵያ ጥናት ምሁራን ኢትዮጵያዊን ደራሲ በራሱ ስም ጀምረው ሙሉውን የሚጽፉት ለዚህ ነው። በዞቴሮም ስሙን ለሁለት ሳይከፍሉ በአንድ ሣጥን ማስገባት ይቻላል፤ ያን ጊዜ አይገለብጠውም። ይህን ለማስተካከል የምታጠፊው አፍታ ለአንድ ሰው ስሙን መመለስ ነው አሏት።

በመጨረሻም ስለ ዘመኑ ፈተና አስጠነቀቋት። በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠሩ የውይይት ፕሮግራሞች ዋቢ ስጡኝ ሲባሉ ደራሲው እውነተኛ፣ ርእሱ ያማረ፣ ጽሑፉ ግን ከቶ ያልተጻፈ ምንጭ ሊደረድሩ ይችላሉ። ከፍተሽ ያላነበብሽውን በዋቢ ዝርዝርሽ ውስጥ አታስገቢ። ሁለተኛው ተማሪ የነበረን ሰው ሰወረ፤ ይህ ደግሞ ያልነበረን ጽሑፍ ምስክር አድርጎ ማቆም ነው።

ልጅቷ ጽሑፏን ከማስረከቧ በፊት ለሁለተኛው ተማሪ እንደገና ደወለች። ልትከሰው አልነበረም፤ የሆነውን ሁሉ ነገረችው። ብዙ ዝም አለ። “የወሰድኩት ሦስት ዐረፍተ ነገር ብቻ ነው ብዬ ነበር የማስበው” አላት። ከሳምንት በኋላ ወደ ቀድሞ አማካሪው ሄዶ የተሳሳተውን ዓመትና የተዘለሉትን ስሞች የሚያርም ገጽ ከጽሑፉ ጋር እንዲያያዝለት ጠየቀ። ከዚያም ወደ አዛውንቱ ቤት ሄዶ ጥፋቱን ነገራቸው። አዛውንቱ አልተቆጡትም፤ ወንበር አስመጡለት።

ይህን ምሳሌ የምታነቡ ተማሪዎች ሆይ፣ ምንጭን መጥቀስ ነጥብ እንዳይቀነስ ሲባል የሚሞላ ቅጽ አይደለም። ከእናንተ በፊት ለደከመው ሰው የሚከፈል ዕዳ ነው፤ ከእናንተ በኋላ ለሚመጣውም እውነቱን ራሱ ሄዶ እንዲያረጋግጥ የሚተው አድራሻ ነው። ስም የደበቀ ሰው ባለቤቱን የጎዳ ይመስለዋል፤ ከሁሉ በላይ የሚጎዳው ግን ስህተቱን ማረም የሚያቅተው ተከታይ ነው። አባቶቻችን “የሰው ወርቅ አያደምቅ” ያሉት እውነት ነው፤ የማን እንደሆነ ተናግሮ ያሳየ ሰው ግን ታማኝ ይባላል። ስለዚህ ዛሬ ያነበባችሁትን መጽሐፍ፣ ዛሬ ያነጋገራችኋቸውን አዛውንት ስም ለነገ አታሳድሩ፤ ከነዓመቱ፣ ከነአቆጣጠሩ ዛሬውኑ ጻፉት።